ከሲዲው እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ፦ የኤምኤስ ሕመምተኛን የአንጎል ኤምአርአይ በኮምፒውተር የመለካት አሠራር

ከቢቸና የመጡ አባት ሲዲዎቹን በፌስታል፣ ፌስታሉን ደግሞ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። ልጃቸው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ናት። ካቻምና አንድ ዓይኗ ደብዝዞባት ከሳምንታት በኋላ በራላት፤ አምና እግሯ እየደነዘዘ መራመድ አስቸገራት። የነርቭ ሐኪሟ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ መሆኑን ለይቶ መድኃኒት አስጀምሯታል። አሁን የፈለገው የአምናውና የዘንድሮው ኤምአርአይ በኮምፒውተር ተለክቶ እንዲመጣለት ነው። አባትየው ቋጠሮውን ፈትተው "በል እስቲ ልጄ፣ ማሽኑ ምን ይላል?" አሉኝ።

ማሽኑ የሚያውቀው መቁጠር ነው፤ ምን እንደሚቆጥር የምንነግረው እኛ ነን። ይህን የጻፍኩት በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በእንጅባራ ለሚሠሩ ራዲዮግራፈሮች፣ ሬዚደንቶችና ኮምፒውተር ነክተው ለሚያውቁ ወጣቶች ነው። ፕሮግራሙን ማስኬድ ትንሹ ሥራ ነው። ቁጥሩ የሚበላሸውም የሚቃናውም ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ እኔም የምቆየው እዚያ ላይ ነው።

1. ጥያቄውን ለዩ

በኤምኤስ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የነርቭ ክሮችን የሸፈነውን ማይሊን የሚባለውን የቅባት ልባስ ያጠቃል። ልባሱ የተላጠበት ቦታ ፍሌር በሚባለው የኤምአርአይ አነሳስ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ሌዥን ይለዋል፤ እኔ እዚህ ጠባሳ እለዋለሁ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 ሕመሙን ለይቶ ሲገልጽ ስሙን ያወጣለትም ከዚሁ ከጠነከረው ጠባሳ ተነስቶ ነው።

ኮምፒውተር በቅጡ የሚመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጠባሳው ስንት ነው፣ በጠቅላላስ ስንት ሚሊ ሊትር ይሆናል? ካለፈው ምስል ወዲህ አዲስ ወጥቷል፣ ወይስ የነበረው ሰፍቷል? አንጎሉስ በምን ያህል ሳስቷል? ሐኪሙ ከነዚህ የትኛውን እንደሚፈልግ በወረቀት ይጻፍላችሁ። "ሁሉንም" ካለ ደግሞ ደውላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፣ መድኃኒቱን ለመቀየር ወይም ለመቀጠል የሚወስነው በእሱ ነውና።

"ይህ ነገር ኤምኤስ ነው ወይ?" ተብሎ የሚመጣ ሥራ አትቀበሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሠለጠኑት ሕመማቸው አስቀድሞ በታወቀ ሰዎች ምስል ላይ ነው። ነጭ ነጥብ ባዩበት ሁሉ ጠባሳ ብለው ይቀባሉ፤ ማን እንዳመጣው አይጠይቁም። እኛ ዘንድ ደግሞ ነጭ ነጥብ የሚያመጣው ብዙ ነው፦ ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት፣ ማይግሬን፣ የአንጎል ቲቢ፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚመጣ ኢንፌክሽን። ከሁሉ የሚያሳስበው ኒውሮማየላይትስ ኦፕቲካ የሚባለው ነው። እሱም ዓይንና ኅብለ ሰረሰርን ያጠቃል፤ ግን ሌላ ሕመም ነው፤ አንዳንድ የኤምኤስ መድኃኒቶችም ያባብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከኤምኤስ ጋር የሚኖረው ሰው 2.8 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ተገምቷል፤ ይህም በብዛት የሚገኘው ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ነጭ ነጥብ ከታየበት ሰው ሁሉ ብዙው ኤምኤስ የለበትም።

ሐኪሙ ሕመሙን ሲለይ የሚጠቀምበትን መስፈርት ግን እናንተም እወቁት። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የማክዶናልድ መስፈርት አራት ቦታ ያይ ነበር (የ2024ቱ ማሻሻያ የዓይን ነርቭን አምስተኛ አድርጎ ጨምሯል)፦ ከአንጎሉ የፈሳሽ ጓዳ፣ ማለትም ከቬንትሪክሉ ጎን፤ ከላይኛው ቅርፊት ላይ ወይም ከሥሩ፤ በአንጎል ግንድና በትንሹ አንጎል፤ በኅብለ ሰረሰር። በ2017ቱ መሠረት ከአራቱ ቢያንስ በሁለቱ ጠባሳ መኖር ነበረበት። እንደ ጠባሳ የሚቆጠረውም ረጅሙ ስፋቱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ይህቺን 3 ሚሊ ሜትር ያዟት፤ አሁኑኑ እመለስባታለሁ።

2. ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ለራዲዮግራፈሩ መልእክት ላኩ

ይህን እርምጃ ሁሉም ይዘለዋል። ሲዲው እጃችሁ ከገባ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አትችሉም።

የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው፦ ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ፍሌር፣ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር፤ እና ቲ1 የሚባለው ሌላው የኤምአርአይ አነሳስ፣ እሱም ባለ ሦስት አውታር፣ 1 ሚሊ ሜትር፣ የኮንትራስት መርፌ ከመሰጠቱ በፊት የተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክርም ባለ ሦስት አውታር ፍሌርን ዋና አድርጎ አስቀምጦታል። ማሽኑ ይህን ካልቻለ፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ በቁራጮቹ መሀል ክፍተት የሌለው ተራ ፍሌር ይነሳ፤ አቀማመጡም የኮርፐስ ካሎሰምን፣ ማለትም ሁለቱን የአንጎል ወገኖች የሚያገናኘውን ድልድይ፣ የታችኛ መስመር ተከትሎ ይሁን፣ የሚቀጥለው ዓመት ምስል በዚያው ማዕዘን እንዲገጥም።

ውፍረቱ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀኝ ላስላላችሁ። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠባሳ ይዘቱ 14 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ 14 ቮክሰል፣ ማለትም 14 ትንንሽ ጡብ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ቅርጽ አለው ብሎ ያየዋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ምስል ግን ቁራጩ 5 ሚሊ ሜትር ወፍሮ፣ በጎኑ 0.9 በ0.9 የሆነ ነው። አንዱ ጡብ 4 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ ያ ጠባሳ ከ3 ጡብ ተኩል አያልፍም። በዚያ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር 5 ሚሊ ሜትር ጡብ ውስጥ ሲገባ ከጤነኛው ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ይደበዝዛል። ሐኪሙ ሊቆጥረው የሚፈልገው ትንሹ ጠባሳ በምስሉ ላይ የለም፤ የሌለውን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያገኘውም።

መልእክቱ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ "ካለፈው ጋር በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ቅንብር"። ሕመምተኛዋ አምና ባሕር ዳር ተነስታ ዘንድሮ አዲስ አበባ ብትነሳ፣ የማሽኖቹ ልዩነት ከሕመሙ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ባሕር ዳርም ቢሆን መንገዱ ቀላል አይደለም። ቤተሰቡ ወደ ተገኘው ቢሄድ አይፈረድበትም። ቢሆንም አስቀድሞ ቢነገረው ብዙው ሰው ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳል። እኔ የአምናውን ማሽን ስምና ቴስላውን፣ ማለትም የማግኔቱን ኃይል፣ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከሲዲው ጋር እሰጣለሁ።

3. ሲዲውን ክፈቱ፤ መጀመሪያ ቀኑን መርምሩ

ሲዲውን በሙሉ ወደ ላፕቶፑ ገልብጡ። ከራሱ ከሲዲው ላይ አትሥሩ። ዳይኮም የሚባሉት ፋይሎች በራሳቸው ላይ የሕመምተኛውን ስም፣ የልደት ቀን፣ የካርድ ቁጥርና የተነሳበትን ቀን ተሸክመዋል።

የእኛ አገር ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። የተነሳበትን ቀን የሚጽፈው ራሱ ማሽኑ ስለሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የልደቱን ቀን ግን የሚሞላው ሰው ነው፤ ሕመምተኛው በኛ አቆጣጠር የነገረውን እንዳለ ያስገባዋል፤ ሰውየው በፋይሉ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ከዚህ የከፋው ግን የሪፖርቱ ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የአምናውን ቀን ከወረቀቱ ላይ "ሚያዝያ 2015" ብሎ ወሰደ፤ የሁለተኛውን ከፋይሉ ላይ "አፕሪል 2024" ብሎ ወሰደ፤ ቀንሶ 9 ዓመት አገኘ። እውነተኛው ልዩነት አንድ ዓመት ነበር። አንጎሉ 0.9 በመቶ ሳስቶ ነበርና ለ9 ሲያካፍለው በዓመት 0.1 በመቶ ሆነለት፤ ይህ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። በአንድ ዓመት 0.9 ግን ሐኪምን የሚያስጨንቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ቀን ከፋይሉ ብቻ እወስዳለሁ፤ ከፋይሉ ካልተገኘ "እ.ኤ.አ." ወይም "ዓ.ም." ሳይጻፍበት ምንም ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አይገባም።

ስምም እንደዚያው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጸሐይ የምትባል ሴት በሦስት ዓይነት ተጽፋ አይቻለሁ። የሁለቱ ዓመት ምስል የአንድ ሰው መሆኑን በስም ብቻ አትመኑ። የሁለቱን ቲ1 ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፤ የቬንትሪክሉ ቅርጽና የአንጎሉ እጥፋት እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሰው ከተቀየረ ዓይን ይለየዋል።

ከዚያ ስሙን አንሱ። ፎልደሩን በቁጥር ሰይሙት፣ ለምሳሌ "ባ-017" ብላችሁ፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚገልጸውን ደብተር ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻው ወገን መድቦታል። ፋይሉን ወደ ሌላ ሰው የምትልኩት ከሆነ ፊቱንም ማጥፋት አለባችሁ። ባለ ሦስት አውታር ቲ1 ላይ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ ጉንጩ ሁሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከ84 ፈቃደኞች የ70ዎቹን ፊት ከኤምአርአያቸው ላይ አንድ ተራ የፊት መለያ ሶፍትዌር ከፎቷቸው ጋር አዛምዶታል።

አሁን ዳይኮሙን ኒፍቲ ወደሚባለው ቅርጽ ቀይሩት። ለዚህ ዲሲኤም-ቱ-ኒክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ከምስሉ ጋር አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያወጣላችኋል፤ የቁራጩን ውፍረትና የማሽኑን ቅንብር እዚያ ላይ አንብቡ። ስታስኬዱት የፋይሉን ስም ከሕመምተኛው ስም እንዲሠራ አታድርጉት፤ ስሙን ከውስጥ አጥፍታችሁ በውጭ ለጥፋችሁት ማለት ነው።

ግራና ቀኙም አይጠፋችሁ። የሚቻል ከሆነ ራዲዮግራፈሩ በቀኝ ጆሮ ግንድ ላይ አንድ የዓሣ ዘይት ክኒን በፕላስተር ይለጥፍ፤ ቲ1 ላይ ነጭ ሆና ትታያለች። (ከፋርማሲ የምትገዛዋን ክኒን ማለቴ ነው፤ የጣና ቆሮሶ ለጥፉ አላልኩም።)

4. ላፕቶፑና መብራቱ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። 16 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ሊነክስ ወይም ዶከር (የሊነክስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የተጫነበት ዊንዶውስ ይበቃል። የግራፊክስ ካርድ ከሌለ ሥራው ይረዝማል እንጂ አይቀርም። ማውረድ ያለበት ብዙ ጊጋ ባይት ስለሆነ ሌሊት ጫኑትና እደሩ። አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ተቀባበሉት፤ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ነውር የለውም። መብራት በመሀል ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፤ ሲመጣ ከመጀመሪያው አስኪዱት፣ የቀረውን ግማሽ እንዳትጠቀሙበት ሰርዙት።

5. ፕሮግራሙን ምረጡና አስኪዱ

ሁለቱም ምስል ባለ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤልኤስቲ-ኤአይ የሚባለውን ጀምሩበት። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ነው፤ በ3 ቴስላ ማሽን በተነሱ 491 የቲ1ና የፍሌር ጥንዶች አሠልጥነውታል። ቲ1ና ፍሌር ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ሁለቱን ያጋጥማል፣ ቅሉን ይልጣል፣ ሦስት የነርቭ መረቦች ለየብቻ ያዩትን አማክሎ ጠባሳውን ይቀባል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ከየትኛው ቦታ እንደሆነ ከፋፍሎ በሠንጠረዥ ያወጣል። የኅብለ ሰረሰሩን አይነካም፤ እሱ የራዲዮሎጂስቱ ነው።

የጠባሳውን ብቻ ሳይሆን የታላመስ (በአንጎል መሀል ያለ ክፍል ነው) እና የቬንትሪክሉን ይዘትም ከፈለጋችሁ፣ ፍሪሰርፈር በሚባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ ያለው ሳምሰግ አለ። ፍሪሰርፈር ፈቃዱን በኢሜይል በነጻ ይሰጣል። ምስሉ ወፍራም ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ዝቅተኛ ቴስላ ከሆነ፣ እዚያው ፍሪሰርፈር ውስጥ ሲንትሴግ የተባለው የፕሮግራም ቤተሰብ አለ፤ ከነሱም አንዱ ለነጫጭ ነጥቦች ተብሎ የተሠራ ነው። በየትኛውም ቴስላና ውፍረት እንዲሠራ ሆኖ ነው የሠለጠነው። ሥራው ሻካራ ነው፤ ሆኖም ጨርሶ ከመሳሳት ይሻላል።

ትእዛዙን ከእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ መመሪያ ላይ እንዳለ ቅዱት፤ ጓደኛ ከላከው መልእክት ላይ አይደለም። የትኛውን ስሪት እንደተጠቀማችሁም ጻፉ። አምና በአንድ ስሪት፣ ዘንድሮ በአዲሱ የተለካ ሕመምተኛ ጭራሽ አልተወዳደረም፤ ስሪቱ ከተቀየረ የአምናውንም በአዲሱ ደግማችሁ አስኪዱ።

አንድ ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ፦ ከኮንትራስት መርፌ በኋላ የተነሳውን ቲ1 መስጠት። መርፌው የደም ሥሮችንና የአንጎሉን ሽፋን ያበራል፤ ፕሮግራሙ የጠበቀው ይህን አይደለም። የፋይሉ ስም ካልነገራችሁ ምስሉን ክፈቱና ትልልቆቹን የደም ሥሮች እዩ፤ ካበሩ ይቅር።

6. በዓይናችሁ ልቀሙት

ፕሮግራሙ ቁጥር ሰጥቷል፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ዓይናችሁን አውሱት። አይቲኬ-ስናፕ የሚባለውን የምስል መመልከቻ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፍሌሩን ከሥር፣ የተቀባውን ከላይ አድርጉ፣ ከላይ እስከ ታች ቁራጭ በቁራጭ ውረዱ። ምስር እንደሚለቅም ሰው ነው፤ ድንጋዩ የት የት እንደሚደበቅ ካወቃችሁ ፈጣን ናችሁ።

በሐሰት የሚቀባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የቬንትሪክሉ የፊት ቀንዶች ጫፍ ላይ በጤነኛ ሰውም ቀጭን ነጭ ቆብ አለ። በቬንትሪክሉ ውስጥ ያለው የደም ሥር ጉንጉን፣ ሁለቱን ቬንትሪክሎች የሚለየው ስስ ግድግዳ፣ በአራተኛው ቬንትሪክልና በአንጎል ግንዱ አጠገብ ፈሳሹ ሲፈስ የሚተወው ነጭ ጥላ፤ እነዚህ ሁሉ ያሳስታሉ። ሕመምተኛው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ቅርፊቱ ላይ ቀለበት የመሰለ ነጭ ይሠራል። ጥርሱ ላይ ብረት ያለበት ሰውም የራሱን ጥላ ይጥላል።

የሚያመልጡት ደግሞ የአንጎል ግንድና ትንሹ አንጎል ባሉበት የኋላ ጓዳ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ፍሌር ራሱ እዚያ ደካማ ነው፣ ቲ2 የሚባለው ሌላው አነሳስ ካለ ከጎኑ ክፈቱት። ቅርፊቱ ውስጥ የገቡ ጠባሳዎች በተለመደው ምስል ለሰውም ለኮምፒውተርም ይከብዳሉ።

ቅርጽንም እዩ። የኤምኤስ ጠባሳ ብዙ ጊዜ እንቁላል መስሎ ከቬንትሪክሉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በትንሿ የደም ሥር ዙሪያ ስለሚያድግ። ዶውሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 ስለገለጸው የዶውሰን ጣቶች ይባላል። በደም ግፊት የመጣው ግን ባብዛኛው ከዚህ ሥርዓት ውጪ ተበታትኖ ነው የሚገኘው። ይህን ካያችሁ ጠባሳውን አትሰርዙ፤ በማስታወሻ ጻፉና ለራዲዮሎጂስቱ ተዉት። የእናንተ ሥልጣን ጥላና የደም ሥር ጉንጉን መሰረዝ ላይ ያበቃል። የሰረዛችሁትንም በሌላ ፋይል አስቀምጡ፣ የመጀመሪያው ሳይነካ ይቆይ።

ለመጀመሪያዎቹ አሥር ምስሎች ራዲዮሎጂስቱ ራሱ እንዲቀባ ለምኑት። ከዚያ የፕሮግራሙን ከእሱ ጋር አወዳድሩ፤ መለኪያው ዳይስ ይባላል። ፕሮግራሙ 4 ሚሊ ሊትር፣ ራዲዮሎጂስቱ 5 ሚሊ ሊትር ቀብተው፣ ሁለቱም የተስማሙበት 3 ቢሆን፦ የተስማሙበትን እጥፍ 6 በድምሩ 9 ስታካፍሉ 0.67 ይሆናል። ፍጹም መስማማት 1 ነው፤ ግን አትደንግጡ፣ ሁለት ራዲዮሎጂስቶች ራሳቸው እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። ዳይስ ለትንንሽ ጠባሳ ጨካኝ ነው፤ የአንድ ቮክሰል ጠርዝ ያጣላዋል። ስለዚህ ከሱ ጎን "ከራዲዮሎጂስቱ 12 ጠባሳ ስንቱን አገኘ፣ ስንት በሐሰት ጨመረ" የሚለውንም ቁጠሩ። ለሐኪሙ ግልጽ የሚሆንለት ይኸኛው ነው።

7. አምናን ከዘንድሮ ጋር

ድምሩን ከድምሩ መቀነስ አይበቃም። አምና 6.2 ሚሊ ሊትር፣ ዘንድሮ 6.1 ቢሆን "ቀንሷል" ትላላችሁ፤ አንዱ ትልቅ ጠባሳ ትንሽ ተኮማትሮ ሁለት አዲስ ግን ወጥተው ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ዋናው ነገር እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን ምስል አጋጥሙ፤ ግን አንዱን ወደ ሌላው አትጎትቱት፣ ሁለቱንም ወደ መሀላቸው አምጧቸው። አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ እሱ ብቻ ይደበዝዛል፤ ድብዘዛው ራሱ ለውጥ መስሎ ይታያል። ከዚያ የሁለቱን ብርሃን አቀራርቡና አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ያልተለወጠው ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ አዲስ የወጣው ብልጭ ይላል። እያንዳንዱን ብልጭታ ወደ ሁለቱ ፍሌሮች ተመልሳችሁ አረጋግጡ፦ ዘንድሮ አለ፣ አምና በእርግጥ የለም፣ 3 ሚሊ ሜትር ይሞላል፣ ከአንድ ቁራጭ በላይ ይታያል። አራቱን ካላለፈ አዲስ አትበሉት።

የመነሻ ምስሉ የትኛው እንደሆነም ጠይቁ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከተነሳው ጋር ካወዳደራችሁ፣ መድኃኒቱ ሥራ ሳይጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጣው ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ይቆጠርበታል። ለዚህ ነው ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ አዲስ መነሻ ምስል እንዲነሳ የሚመከረው። የቢቸናዋ ልጅ መነሻ የላትም፤ ያለው ከመድኃኒቱ በፊት የተነሳው ነው። ይህን በሪፖርቱ ራስጌ ላይ ጻፍኩ።

የማሽናችሁን ስሕተት ለማወቅ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፦ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ያለ መርፌ ይነሳ፣ ከማሽኑ ወርዶ ይቁም፣ ተመልሶ ይተኛና እንደገና ይነሳ። በሁለቱ መሀል ሕመም አልጨመረም፤ የሚታየው ልዩነት ሁሉ የማሽኑና የፕሮግራሙ ነው። ከዚያ ልዩነት ያላለፈ ለውጥ ለውጥ አይባልም።

8. የአንጎል መሳሳት፣ ጾም ያለበት አገር

ጤነኛ ጎልማሳ አንጎሉ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ያልታከመ ኤምኤስ ያለበት ከ0.5 እስከ 1.3 በመቶ ገደማ። የምንፈልገው ልዩነት ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው ማለት ነው። ሲዬና የሚባለው ፕሮግራም ሁለቱን ዓመት በቀጥታ አወዳድሮ ይህን በመቶኛ ያወጣል። ከዚያ በፊት ቲ1 ላይ የጠቆሩትን ጠባሳዎች በዙሪያቸው ባለው ነጭ ክፍል ብርሃን መሙላት ያሻል፤ አለዚያ ፕሮግራሙ የጠቆረውን እንደ ግራጫው ክፍል ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ ጎጃም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ለ16 ሰዓት ፈሳሽ ያልወሰዱ ሰዎች የአንጎላቸው ይዘት በአማካይ በግማሽ በመቶ ገደማ መቀነሱን፣ ሲጠጡ መመለሱን አሳይቷል። በሁዳዴ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቀምሳ የተኛች ሴት፣ በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ኤምአርአይ ብትገባ 17 ሰዓት ውኃ አልቀመሰችም። አምና በፋሲካ ማግስት፣ ዘንድሮ በሁዳዴ ከተነሳች፣ ጾሙ ብቻውን የአንድ ዓመት ሕመም መስሎ ቁጥሩ ላይ ይቀመጣል። ጸበል የምትጠመቅም ከሆነ እንደዚያው ነው።

ሰውን ጾምህን ፍታ የምል ሰው አይደለሁም፤ ብልስ ማን ይሰማኛል። የማደርገው ይህ ነው፦ ቀጠሮውን ከጾሙ ወቅት ማውጣት፤ ካልተቻለ ሁለቱንም ዓመት በአንድ ዓይነት ወቅትና በአንድ ሰዓት ማድረግ፤ "ውኃ መቼ ጠጣሽ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ከምስሉ ጋር መጻፍ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ከነገሯችሁ ስድስቱን ሰዓት አስተካክሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኃይለኛ ስቴሮይድ በቅርቡ የወሰደ፣ ወይም መድኃኒት ገና የጀመረ ሰው እብጠቱ ስለሚበርድ አንጎሉ የሳሳ ይመስላል። እየተሻለው ሳለ ቁጥሩ የባሰበት ያስመስለዋል። ስለዚህ ለአንድ ሕመምተኛ የመሳሳት ቁጥር ለብቻው አልሰጥም፤ ከሰጠሁም ቢያንስ ሦስት ምስል ሲኖር ነው።

9. ለሐኪሙ ምን ይጻፋል?

አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ምስሉ እንዴት እንደተነሳ፤ ከሥሩ ቁጥሩ፤ ከሥሩ ጥርጣሬያችሁ። ለመማሪያ የሠራሁት ምሳሌ ይኸውላችሁ፦

"ሁለቱም ምስሎች ከአንድ 1.5 ቴስላ ማሽን፤ ፍሌር ባለ ሦስት አውታር፣ 1 ሚሊ ሜትር። ልዩነታቸው 12 ወር (ሁለቱም ቀን ከፋይሉ)። መነሻው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተነሳ ነው። ጠቅላላ ጠባሳ 6.2፣ አሁን 6.6 ሚሊ ሊትር። አዲስ ጠባሳ 2፦ አንዱ ከቀኝ ቬንትሪክል ጎን 5 ሚሊ ሜትር፣ አንዱ ከግራ የፊት ቅርፊት ሥር 4 ሚሊ ሜትር፤ ሥዕላቸው ተያይዟል። አንድ አጠራጣሪ፦ አንጎል ግንድ ላይ፣ የፈሳሽ ጥላ ሊሆን ይችላል። ኅብለ ሰረሰር አልተለካም። የአንጎል መሳሳት አልተሰጠም፤ ሁለተኛው ምስል በጾም ወቅት የተነሳ ነው። የተጠቀምነው ሶፍትዌር ለምርምር የተዘጋጀ እንጂ ለምርመራ ፈቃድ ያለው አይደለም፤ ራዲዮሎጂስቱ ያረጋግጥልን።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ኤልኤስቲ-ኤአይም ፍሪሰርፈርም የምርምር መሣሪያ ናቸው፤ ለሕክምና ፈቃድ ያገኙ የሚከፈልባቸው ሌሎች አሉ። አዲስ የተባሉትን ጠባሳዎች ሥዕል ሁልጊዜ አያይዙ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን ሳይሆን ሥዕሉን አይቶ ሲስማማ ወይም ሲቃወም ነው እናንተም የምትማሩት።

ለቤተሰብ በቃል ቁጥር አትንገሩ። አባትየውን "ጋሼ፣ ማሽኑ ያየውን ጽፌለታለሁ፤ ትርጉሙን የሚነግርዎ ሐኪሟ ነው" አልኳቸው። ብዙም ደስ አላላቸውም፤ ከቢቸና ድረስ መጥተው ወረቀት ብቻ ይዘው መመለሳቸው ነበር። "የዛሬ ዓመት ስትነሳ እዚያው ማሽን ላይ ይሁን፣ ሲዲዎቹንም እንዳይጥሏቸው" አልኳቸውና የማሽኑን ስም የጻፍኩባትን ወረቀት ጨመርኩላቸው። ሁሉንም በፌስታሉ አድርገው ጋቢው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩት። ለጥንቃቄ በፍላሽም ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ ሲዲ ይጫራል።